ለይቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ የሚመጣ ድባቴ፦ ከየት ይመጣል፣ ምንስ ይደረጋል

ታላቅ ወንድሜን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት ለይተው ያስተኙት በ2006 ነበር፣ አራት ወር ከምናምን ተኛ። ምሳ አመላላሹ እኔ ነበርኩ፣ ፔርሙዝና ሳህን በፌስታል አንጠልጥዬ ማስኬን አድርጌ በሩ ላይ እቆምና "ጋሼ እንዴት አደርክ" ስለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይለኛል፣ እኔም ደህና ነው ብዬ እመለሳለሁ፣ ቤት ስገባ እናቴ ስትጠይቀኝም "ደህና ነው" እላታለሁ፣ እንደዛ እያልን ሁለት ወር አለፈ። ሦስተኛው ወር ላይ ምግቡን አጠገቡ ለተኛው ልጅ መስጠት ጀመረ፣ ጺሙን መላጨት ተወ፣ ስመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የማገኘው፣ አንድ ቀን "ምነው አንዴ በገላገለኝ" ሲል ሰማሁት። እኔ ምን አልኩት? "አይዞህ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ጠንከር በል፣ ጸልይ"። ከልቤ ነበር ያልኩት ግን ምንም አልጠቀመውም፣ እንደውም ከዛ በኋላ ለኔ ማውራቱን ተወው። ነገሩ የገባት የማታ ተረኛ የነበረች ሲስተር ናት፣ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ "ወንድምህ ድባቴ ይዞታል፣ ከሚውጠው መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፣ ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ" አለችኝ። እኔ እኮ የሳምባ መድኃኒት የሰውን ስሜት ይነካል ብዬ በህልሜም አስቤ አላውቅም።

አሁንም ዋርድ ውስጥ ሰው ያላችሁ ትኖራላችሁ፣ ራሳችሁም አልጋ ላይ ሆናችሁ በስልክ የምታነቡ ትኖራላችሁ፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ከኮሮና ወዲህ ሁሉንም "ኳራንቲን" ማለት ለምደናል እንጂ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለይቶ ማቆያ የሚባለው ገና ያልታመመ ግን ከታመመ ሰው ጋር የተገናኘ ወይም በሽታው ካለበት ቦታ የመጣ ሰው የሚቆይበት ነው፣ በ2012 ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶችና ወንድሞቻችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሌላው መንገደኛ ደሞ ሆቴል ገብቶ እንደቆየው ማለት ነው። ለይቶ ማከሚያ ግን በሽታው የተገኘበት ሰው የሚታከምበት ነው፣ በዛው ጊዜ ኤካ ኮተቤና ሚሊኒየም አዳራሽ እንደነበሩት፣ የቲቢ ዋርዶችም እንደዛው። ልዩነቱ ለጭንቀቱም ልዩነት አለው፣ ለይቶ ማቆያ ያለው ሰው "ይዞኝ ይሆን?" እያለ ነው የሚጨነቀው፣ ቀኑ ግን የተቆረጠ ነው፣ ለይቶ ማከሚያ ያለው ግን በሽታውም ተረጋግጦበታል የሚወጣበትንም ቀን አያውቅም፣ የአክታ ምርመራው ነው የሚወስንለት። እኔ በዋናነት የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ድባቴ ስንል ደሞ መከፋት ማለት አይደለም። ከቤቱ ከልጆቹ ከስራው ተነጥሎ የተኛ ሰው ሆድ ቢብሰው፣ ቢያለቅስ፣ ቢናደድ ጤነኛ ነው፣ ባይከፋው ነበር የሚገርመው። ድባቴ የሚባለው ይሄ ስሜት በየቀኑ ማለት ይቻላል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቆይና ሰውየው በፊት ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ደስ ሳይለው ሲቀር፣ ዋጋ የለኝም ሸክም ነኝ ማለት ሲጀምር፣ ነገ የሚባል ነገር ሲጠፋበት ነው። ጤና ባለሙያዎች ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አላቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ድምሩ ከ27 ነው፣ 10ና ከዛ በላይ ከሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል ይባላል፣ በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገራችን ተፈትኗል።

ግን ወጥመድ አለው። ከዘጠኙ ውስጥ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መዛባት ምናምን አሉ፣ እነዚህን ደሞ ቲቢው ራሱም ያመጣቸዋል፣ ስለዚህ ሐኪሙም ቤተሰቡም "ከበሽታው ነው" ብሎ ያልፋቸዋል። በተለይ ማየት ያለባችሁ ሳምባ የማይነካቸውን ነገሮች ነው። ወንድሜ ኳስ ነፍሱ ነበረች፣ ዋርዱ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ሬዲዮ ከፍቶ ሁሉም ሲሰማ እሱ ውጤቱን እንኳን መጠየቅ ትቶ ነበር፣ ያ ዝም ብሎ ከሳምባው ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ሲበድል የኖረ ይመስል "የእጄን ነው ያገኘሁት" ማለት ከጀመረ፣ ልጆቹን በስልክ አላናግርም ካለ፣ የመኖር ተስፋው ከንግግሩ ውስጥ ከጠፋ እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ።

ከየት ነው የሚመጣው ለሚለው አንድ መልስ የለውም፣ ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። አንዱ ራሱ ሰውነት ነው። ጉንፋን ክፉኛ ሲይዛችሁ ሰው ማየት አስጠልቷችሁ ተከናንባችሁ መተኛት ብቻ የምትፈልጉት ነገር አለ አይደል፣ እሱ ስንፍና አይደለም፣ ሰውነት ከጀርም ጋር ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች አንጎል ላይ ደርሰው የሚያመጡት ነው። ጉንፋን በሳምንት ያልፋል፣ ቲቢ ግን ወራት ነው፣ ያ ተከናንቦ የመተኛት ስሜት ለወራት ሲቀጥል አስቡት።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው፣ እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ማለት ዋናዎቹ ሁለት መድኃኒቶች ማለትም አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን የማይገድሉት ቲቢ ነው፣ ስለዚህ በሌላ ይታከማል፣ ከነሱ አንዱ ሳይክሎሴሪን ይባላል። ይሄ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይዋጋል፣ ግን አንጎል ውስጥም በደንብ ይገባል፣ አንዳንዱን ሰው ድባቴ ውስጥ ይከታል፣ አንዳንዱን ያስፈራዋል፣ የሌለ ድምፅ ያሰማዋል፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ አይነት ያመጣል። ከሰውነት የሚወጣው ደሞ በኩላሊት ነው፣ በወንድሜ ጊዜ አብሮ በየቀኑ ይሰጥ የነበረው መርፌ ኩላሊትንም ጆሮንም የሚጎዳ አይነት ነበር፣ ኩላሊት ሲደክም ሳይክሎሴሪኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ይሄኔ ጭንቅላት ላይ የሚያደርሰው ይብሳል። የወንድሜም ጆሮ ያኔ ይጮህበት ነበር፣ ጆሮው ሲጮህ እንቅልፍ የለም፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ደሞ ድባቴው ይብሳል። ሳይክሎሴሪኑ የሚያደርሰውን ለመቀነስ ነው ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚሰጠው፣ ለዚህም ነው "ስሜቴ ተቀይሯል" የሚል በሽተኛ መድኃኒቱን በራሱ ማቆም ሳይሆን ቶሎ መናገር ያለበት፣ መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መቀየር ሐኪሙ የሚችለው ነገር ነው። ደስ የሚለው አሁን ብዙው ተቀይሯል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መርፌዎቹን ወደ ኋላ አድርጎ በሚዋጡት እንዲተኩ መከረ፣ በ2022 ደሞ ለብዙዎቹ በሽተኞች የ6 ወር የሚዋጥ ሕክምና መጣ፣ በወንድሜ ጊዜ 20 ወርና ከዛ በላይ ነበር።

የመድኃኒት ነገር ከተነሳ አንድ ታሪክ አለ በጣም የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ ሲ ቪው የሚባል የቲቢ ሆስፒታል ውስጥ አይፕሮናያዚድ የተባለ አዲስ የቲቢ መድኃኒት ሲሞከር ለወራት አልጋ ላይ ተጣጥፈው የከረሙ በሽተኞች በድንገት ነቃ ነቃ አሉ፣ መብላት ጀመሩ፣ ኮሪደር ላይ ሲጨፍሩ ሁሉ ታዩ። ሐኪሞቹ ሳምባው ስለተሻለው ብቻ አይደለም ብለው ገረማቸውና ነገሩን ሲከታተሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሄው መድኃኒት ለድባቴ መታዘዝ ጀመረ፣ ለድባቴ ተብለው ከታዘዙት የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው (በኋላ ጉበት ይጎዳል ተብሎ ከገበያ ወጣ)። ይሄን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ፣ የድባቴ መድኃኒት ታሪክ የተጀመረው እዚሁ ተለይተው በተኙ የቲቢ በሽተኞች ዋርድ ውስጥ ነው፣ አንድ ኪኒን ስሜትን ይሄን ያህል ወደ ላይ ማውጣት ከቻለ ሌላ ኪኒን ወደ ታች ማውረዱ የእምነት ጉድለት ወይም የልብ ድክመት ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው መለየቱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሳርስ በሚባል ተላላፊ የሳምባ በሽታ ምክንያት ተለይተው ከቆዩ ሰዎች 129ኙ ተጠይቀው ነበር፣ የቆዩት 10 ቀን አካባቢ ነው፣ ያውም ብዙዎቹ ቤታቸው ሆነው፣ እንደዛም ሆኖ ከመቶ 31ዱ የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል። ኮሮና ሲጀምር ደሞ 24 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጥቶ ነበር፣ ሰውን የሚጎዳው ምንድነው ለሚለው ያገኘው የጊዜው መርዘም፣ ይዞኝ ይሆን የሚል ፍርሃት፣ መሰላቸት፣ ምግብና የሚያስፈልግ ዕቃ በቅጡ አለመድረስ፣ በቂ መረጃ አለማግኘት፣ የገቢ መቋረጥና መገለል ነው። ከነዚህ ውስጥ መረጃው የሚለው ላይ ልብ በሉ፣ ብር አይጠይቅም። ወንድሜ አክታው ለካልቸር (ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለሚያይ ምርመራ) ተልኮ ውጤቱ ሳምንታት እንደሚፈጅ ማንም በግልፅ ስላልነገረው በየቀኑ ዶክተር ሲገባ ዛሬ ይነግሩኛል እያለ ይጠብቅ ነበር፣ በየቀኑ ተስፋ ማድረግና በየቀኑ መውደቅ። "ውጤቱ እስከዚህ ሳምንት አይደርስም" ቢሉት ኖሮ ቁርጡን አውቆ ያርፍ ነበር።

ለኛ ደሞ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። እኛ አገር መታመም ማለት መጠየቅ ነው፣ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የስራ ባልደረባው ብርቱካን ይዞ አልጋ ዙሪያ ካልተኮለኮለ የታመምክ አይመስልህም። ለይቶ ማከሚያ ያለ ሰው አእምሮው "ተላላፊ ስለሆነ ነው" ቢለውም ሆዱ "ጣሉኝ" ነው የሚለው። የሚገባው ሰው ሁሉ ማስክ አድርጎ ዓይን ብቻ ሆኖ ነው፣ ፊት ሳያይ ነው የሚውለው፣ ባለሙያዎቹም ተለይቶ ወደተኛ ሰው ክፍል የሚገቡት ከሌላው ባነሰ እንደሆነ በሌላ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ልብስ ማስክ ምናምን መቀያየሩ ራሱ ያሳንፋል።

ከዛ ደሞ ሀፍረቱ። ቲቢ በሳህን አይተላለፍም፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ በብርድ ልብስ አይተላለፍም፣ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስል ሲያስነጥስ ሲያወራ በሚወጣ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ነገር ነው። ስለዚህ መስኮት መክፈት፣ ፀሐይና አየር፣ በሽተኛው ተራውን ማስክ ጠያቂው ኤን95 የሚባለውን አየር የሚያጣራ ማስክ ማድረግ ነው የሚጠብቀው (ብዙ ሰው ኤን95ቱን ለበሽተኛው ተራውን ለጠያቂው አድርጎ ያቀያይረዋል)። የመጠጫ ኩባያ መለየት ግን ማንንም ከምንም አያድንም፣ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በሽተኛውን ማቁሰል ነው። ሕክምናው በትክክል ሲሰራ ደሞ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት እየወረደ ነው የሚሄደው፣ ሰው ግን ይሄን ሳይሰማ ከዓመት በኋላም ይሸሻል።

ድባቴው ሲቆይ ሕክምናውን ራሱ ይበላዋል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ኪኒኑን ምላሱ ስር ደብቆ ይተፋዋል፣ አልበላም ይላል፣ ከዋርድ ጠፍቶ ይሄዳል፣ ኪኒን ሲቆራረጥ ጀርሙ ቀሪዎቹንም መድኃኒቶች ይለምዳል፣ ስለዚህ "እስቲ መጀመሪያ ሳምባው ይዳን፣ ጭንቀቱ በኋላ ይደረስበታል" የሚባል ነገር አያስኬድም። ተቃራኒው ደሞ እዚሁ ታይቷል፣ እንጦጦ አፋፍ ላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲያክሙ ከኪኒኑ ጋር የምግብና የኑሮ ድጋፍ ነበረው፣ የመጀመሪያዎቹ ከ600 በላይ በሽተኞች ሲታዩ ከመቶ 78 ገደማው ተሳክቶላቸዋል፣ ያውም በዛ ከባድ መድኃኒት ዘመን፣ ብዙዎቹም ሌላውን ሞክረው ሳይሳካላቸው የመጡ ነበሩ።

ታዲያ ሰዎች በምን ይወጡታል? ካየሁት የገባኝ በእጅ ያለውንና የሌለውን መለየት ነው። የካልቸር ውጤት በእጅ አይደለም፣ ጠዋት ተነስቶ ፊት መታጠብ ግን በእጅ ነው። ወንድሜ ጋር አንድ ጋሽ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ ሰባት ወር የተኙ፣ በየጠዋቱ አልጋቸውን አንጥፈው ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ የቆመውን ሁሉ "ና ልጄ" ብለው ይጠራሉ። ድባቴ ሲይዝ መነሳት ሲያሰኝ ነው እነሳለሁ ይላል ሰው፣ የሚሰራው ግን ተገላቢጦሹ ነው፣ መጀመሪያ ትንሿን ነገር ትሰራለህ ስሜቱ ከኋላ ይመጣል፣ ባለሙያዎችም ለድባቴ ከሚሰጡት ሕክምና አንዱ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ነገሩ ትንሽ መሆን አለበት ታዲያ፣ አስር ደቂቃ ግቢ ውስጥ መራመድ፣ በሳምንት ሁለቴ መላጨት፣ ለልጁ የቤት ስራ በስልክ ማስረዳት። የካርድ ብር መላክ ቀላል እርዳታ እንዳይመስላችሁ፣ ተለይቶ ለተኛ ሰው ስልክ ማለት ቤቱ ነው።

ጸሎትም ብዙውን ሰው ይዞ ያቆማል፣ ይሄን አይቻለሁ፣ ችግሩ የሚመጣው ጸበሉ ወይም ዱዓው መድኃኒቱን ሲያስተወው ነው። በኤችአይቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው መናገራቸው ስንቱን እንዳተረፈ እናስታውስ፣ ለቲቢም ያው ነው። መጠጥ ግን በፍጹም፣ በተለይ ሳይክሎሴሪን ለሚወስድ ሰው የመጣል አደጋውን ይጨምርበታል፣ ጫትም ያለችውን ትንሽ እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

ለቤተሰብ፦ "እንዴት ነህ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ወይም ጠይቁና እዛ ላይ አትቁሙ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ጥሩ ቃል ነው ግን በር ይዘጋል። "ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነቃህ? ነቅተህ ምን ስታስብ ነበር? ትናንት ያመጣሁልህን ማን በላው?" በሉት፣ በዚህ በኩል ነው የሚከፈተው። "ምነው በገላገለኝ" ካለ ደሞ እንደኔ በአይዞህ አትዝለሉት፣ "ራስህን መጉዳት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው፣ እንደውም ሰሚ አገኘሁ ብሎ ይቀለዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፣ በዛው ሰዓት ለሲስተሯ ይነገራል። ድንገት የሚቀባዥር፣ ቀንና ሌሊት የተምታታበት፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ያ ተራ ድባቴ አይደለም፣ ኦክስጅን ማነስ ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ሕክምናው አለ፣ ማውራትም ኪኒንም። ኪኒኑ ግን ከፋርማሲ ዝም ብሎ የሚገዛ አይደለም፣ አሁን ለመድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ከብዙዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ አደገኛ የሆነ ነገር ሊያመጣ ይችላል፣ ቤዳኩዊሊን ደሞ የልብ ምትን ስለሚነካ ከአንዳንዶቹ ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የቲቢው ሐኪምና የአእምሮው ሐኪም መነጋገር አለባቸው፣ ካልተነጋገሩ እናንተ የመድኃኒቱን ዝርዝር ይዛችሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ውሰዱ፣ አትፈሩ።

ለወንድሜ የሳይክሎሴሪኑን መጠን ቀነሱለት፣ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያም በሳምንት አንዴ እየመጣ ያናግረው ጀመር፣ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ምሳ ይዤ ስገባ "ትናንት ማን አሸነፈ?" አለኝ። አክታው ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ሁላችንም አለቀ ብለን ነበር ግን ቤት ገብቶም ከዓመት በላይ መድኃኒቱን ውጧል፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኩባያውን ራሱ እያጠበ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ ነበር፣ እናቴ ዝም ብላ እያነሳች ከኛ ጋር ትቀላቅለዋለች፣ እሱ መልሶ ይለየዋል፣ እሷ መልሳ ትቀላቅላለች። በየወሩ ለቀጠሮ ሲሄድ አብሬው እገባ ነበር፣ ዶክተሩ ስለ ሳሉ ጠይቆ ሲጨርስ "ስለ እንቅልፉም ጠይቀው" እል ነበር፣ አራተኛው ቀጠሮ ላይ እኔ ሳልናገር ራሱ ጀመረ፣ "ዶክተር፣ ሰሞኑን ደሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየነቃሁ ነው" አለው።